የኦዴል ድስት

ወንድሜን ቬርሊንን በሽታው ለቀቀው፤ ምግብ ግን አብሮ ጥሎት ሄደ።

የጉሮሮ ካንሰር ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የከሰል ማዕድን ጉድጓድ ሲወርድና ሲወጣ የኖረ ሰው፣ ጡረታ በወጣ በስምንተኛው ወር ድምፁ ሻከረ። ሴንት ሉዊስ ወስደነው ሰባት ሳምንት የጨረር ሕክምና ተደረገለት። በመጨረሻው ቀን ሐኪሙ እጁን ጨብጦ «ድነሃል» ሲለው እኔና ሚስቱ አርዲት ደጃፉ ላይ ተቃቅፈን አለቀስን። ጣዕም የሚባል ነገር ከአፉ ተጠራርጎ እንደጠፋ ያወቅነው ቤት ከገባን በኋላ ነው። ዳቦው ወረቀት ሆነበት። ፖሙ እርጥብ እንጨት። የአሳማ ጥብስ ሲቀርብለት «ይቺን ጎማ ከየትኛው መኪና ነው ያወለቃችኋት?» ይላል። ሐኪሙን በስልክ ስንጠይቀው «ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፤ ብቻ ይብላ» አለን።

ይብላ ማለት ቀላል ነው። ቬርሊን በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ሰው ነበር። በዚያ መጸው ግን ሱሪው በቀበቶ ተሰብስቦ የጆንያ አፍ መስሎ ነበር። ከቤት መውጣትም ተወ። ሰው ፊት ሲበላ ስለሚያስለው አፈረ መሰለኝ።

እኔ ኖላ እባላለሁ፤ ታናሽ እህቱ ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከነቬርሊን ጋር አጥር ለአጥር ነው የምኖረው፤ ስለዚህ የማወራው ሁሉ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ከተማችን ቶምሊን ትባላለች፤ በደቡብ ኢሊኖይ ካሉት የከሰል ከተሞች አንዷ። ነገሩ የሆነው የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ፣ ማዕድኑ ገና ሳይዘጋ ነው።

አንድ የጥቅምት እሑድ ሦስታችን ለምሳ ቀርበናል። አርዲት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ ስልሳ ልጅ በኋላ ማያ መስታወቷ ብቻ ጸጥ የምታሰኝ ሴት። የባሏ ሳህን እንዳለ መቀመጡን አየች።

«ቬርሊን ታከት፣ ወይ ትበላለህ ወይ አፍህን ከፍቼ በጭልፋ እግትሃለሁ።»

«ጋቺኝ። በጭልፋም በማንኪያም ጣዕሙ ያው ነው።»

«እስቲ ምን ልሥራልህ? አንድ ነገር ጥራልኝና ልሥራው።»

ቬርሊን ሳህኑን ገፋ አደረገ። ከዚያ «የኦዴልን ቺሊ» አላት።

አርዲት ሹካዋን አስቀመጠች። ኦዴል ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

«የምቀልድ መሰለሽ እንዴ?» አለ ቬርሊን በዚያ በተቆራረጠ ድምፁ። «የሌላው ሁሉ ጣዕም ከጭንቅላቴም ጠፍቷል። የሰርጋችንን ኬክ አላስታውስም። እማዬ ትጋግረው የነበረውን እንኳ አላስታውስም። ያ ቺሊ ግን እዚህ አለ።» ግንባሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ዓይኔን ስጨፍን ይመጣልኛል።»

ቺሊ እኛ አገር የብርድ ጊዜ ወጥ ነው፤ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ከቦሎቄ፣ ከቲማቲምና ከቀይ በርበሬ ጋር ረጅም ሰዓት ይንተከተካል። የማይሠራው ሰው የለም። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ይሠሩታል፣ የእሳት አደጋ ሰዎች ይሠሩታል፣ እኔም እሠራዋለሁ። የኦዴል ክራንዝ ግን ሌላ ነበር። ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ አሥራ ሁለት ክብ ወንበር ብቻ ያላት ጠባብ ምግብ ቤት ነበረችው። ማዕድን ሠራተኞቹ ከፈረቃ ሲወጡ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ፣ ነጭ ዓይናቸውን ብቻ እያበሩ ደጃፏ ላይ ይሰለፉ ነበር። ቬርሊን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ አጓድሎ አያውቅም። «ኦዴል፣ ምንድነው የምትጨምርበት?» ሲሉት መልሱ አንድ ነው፤ «ውሃ።» ሞቶ ሲቀበር ነገሩም አብሮት ተቀበረ ብለን ተውነው። ቤቷ ዛሬ የመኪና ጎማ ይሸጥባታል።

አርዲት በማግስቱ ጀመረች።

የመጀመሪያው ድስት ሲቀርብለት ቬርሊን አልቀመሰውም። ጨረሩ አፍንጫውን አልነካበትም ነበርና ሳህኑ ላይ አጎነበሰና ዓይኑን ጨፍኖ ሽታውን ሳበው። ከዚያ በማንኪያ ከፍ አድርጎ መልሶ አፈሰሰው። እንደገና ከፍ አደረገ፣ አፈሰሰ።

«ይሄ የቤተ ክርስቲያን ቺሊ ነው» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«ለታዘነለት ሰው የሚሠራ ቺሊ ነው። ሥጋው አንቺን ያህላል። የኦዴል ሥጋ ምላስ ላይ እርጥብ አሸዋ ነው እንጂ ጠጠር አይደለም። ደግሞ ጠብሰሽዋል፤ የተጠበሰ ሥጋ ይሸተኛል። ኦዴል ጠብሶ አያውቅም።»

«ኩሽናው ገብተህ አይተሃል?»

«አላየሁም። በልቻለሁ።»

አርዲት ሁለተኛውን ስትሠራ ሥጋውን በጥሬው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምራ በእጇ ፈተፈተችው፤ እስኪሟሟ። ሲፈላ እውነትም እንደ አሸዋ ሆነ። ቬርሊን አጎንብሶ ሳበና «አሁን ወደ መንገዱ ገብተሻል፤ ገና ግን ቶምሊን አልደረስሽም» አላት።

በዚህ ዓይነት ጥቅምትን ሙሉ ሄድን። አንድ ቀን ሽታውን አስረዳን። «የኦዴል ሽታ ባንድ ጊዜ አይመጣም» አለ። «በመጀመሪያ ከሙኑ ይመጣል፤ የተቆላ ከሙን። እሱ ሲያልፍ ሽንኩርቱ። ሽንኩርቱ ሲያልፍ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ስሙን አላውቀውም። የአሮጌ ቁም ሳጥን በር ስትከፍቺ የሚመጣው ዓይነት።»

«ቁም ሳጥን ከየት አምጥቼ ልቀቅልልህ?» አለች አርዲት።

ሌላ ቀን ደግሞ ስለ ማቃጠሉ ተነሣ። ያን ጊዜ አርዲት የሱቅ የበርበሬ ዱቄት አብዝታ ኖሮ እኔን ከንፈሬን አነደደኝ። ቬርሊን አንድ ማንኪያ ዋጠና ራሱን ነቀነቀ። «የኦዴል ከንፈር አይነክስም። ትውጪዋለሽ፣ ምንም የለም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለሽ ስትቆጥሪ እዚህ ጋ ምድጃ ይለኮሳል።» ደረቱን አሳየን።

አርዲት የዱቄቱን ቆርቆሮ ጣለችው። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነድታ ከሜክሲኮ ሰዎች ሱቅ የደረቀ ዛላ በርበሬ አመጣች፤ ጥቁር ቀይ፣ የተጨማደደ። ዘፍዝፋ፣ በወንፊት አሽታ፣ ልጣጩን ጥላ ድስቱ ውስጥ ጨመረችው። ቬርሊን ዋጠ። በጣቶቹ ቆጠረ። አራት ሲል እጁ በራሱ ጊዜ ደረቱ ላይ አረፈ።

መገረም የጀመርኩት ያኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ዝም ብሎ የሚበላ ይመስለኝ ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር ሲሳሳቅ፣ ስለ ቤዝቦል ሲከራከር፣ ብስኩት ሰባብሮ ሳህኑ ላይ ሲበትን ነው የማውቀው። ለካ ሰውየው ሲማር ነው የኖረው። ማስታወሻ ሳይዝ፣ እንደሚማር እንኳ ሳያውቅ፣ ያንን ሳህን ከዳር እስከ ዳር አጥንቶታል። ምላሱ ከሞተችም በኋላ ትምህርቱ አልሞተም።

ደግሞ ልብ በሉ፤ ለመፍረድ ሲል ይበላ ነበር። «ይሄ አይደለም» እያለ ግማሽ ሳህን። «ይሄም አይደለም» እያለ ሌላ ግማሽ። አርዲት አይታ እንዳላየች ሆነች፤ እኔንም በጠረጴዛው ሥር በእግሯ መታችኝ፣ ዝም በይ ለማለት።

አሥራ አንደኛው ድስት ሲቀርብ ኅዳር ገብቷል። ቬርሊን አሸተተ፤ ዋጠ፤ ቆጠረ። ሳህኑን ጨረሰው።

«ልጁ ነው» አለ በመጨረሻ። «አባቱ አይደለም።»

«ምን ጎደለው?» አርዲት ዕንባ ዕንባ አላት።

«ምንም አልጎደለውም፣ የኔ ፍቅር። ቁርጥ እሱን። ግን ዛሬ ነው የተወለደው። የኦዴል ያረጀ ነበር።»

አርዲት እልኸኛ ናት። ድስቱን ሦስት ቀን ፍሪጅ ውስጥ አሳድራ አሞቀችው። ቬርሊን ቀምሶ «ይሄ ደክሟል እንጂ አላረጀም» አላት። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

መንገዱ የተከፈተው ባላሰብኩት በኩል ነው። የምሠራው ፖስታ ቤት ነው። አንድ ማክሰኞ ደብዳቤ ስለይ «ኦፓል ስቲድሃም» የሚል ስም እጄ ላይ ቆመ። ሚስ ኦፓል! ሠላሳ ሦስት ዓመት የኦዴል አስተናጋጅ የነበረችው። ነጭ ጫማ፣ ነጭ ሽርጥ፣ ጆሮዋ ላይ የተሰካ እርሳስ። ሁላችንንም «የኔ ማር» እያለች የምትጠራ፣ አንዴም ስትቀመጥ ታይታ የማታውቅ ሴት። ምግብ ቤቱ ሲዘጋ እሷም ከዓይናችን ጠፋች። እንዴት እስከዛሬ አላሰብኳትም? ኦዴል ሲሞት ሁላችንም ስለ ኦዴል አወራን። ሳህኑን በፊታችን ያስቀመጠችልን ሰው ትዝ ያለችው አንድም አልነበረም።

አድራሻው አሮጌው የድንጋይ ካባ መንገድ ላይ ነበር። የምስጋና በዓል ማግስት፣ ዓርብ፣ ትምህርት ስለሌለ አርዲት ረፋድ ላይ መጣችና ሄድን። ስስ በረዶ መንገዱ ላይ ተነጥፏል። መጨረሻው ላይ ጎማው ወልቆ ብሎኬት ላይ የተቀመጠ ተጎታች ቤት አለ፤ ከጭስ ማውጫው ቀጭን እንፋሎት ይወጣል።

አርዲት የመኪናውን በር ከፈተችና አንድ እግሯን መሬት ላይ እንዳደረገች ቀረች።

«ኖላ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ትሸቺያለሽ?»

ከሙኑ መጣ። ከሙኑ ሲያልፍ ሽንኩርቱ። ሽንኩርቱ ሲያልፍ ያ ስም የሌለው፣ የአሮጌ ቁም ሳጥኑ ነገር። በባዶ ጫካ ውስጥ፣ በዚያ ብርድ፣ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ከሆነው ሰው እጅ የወጣ ሽታ አየሩ ላይ ቆሞ ነበር። እኔ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ሰዓቴን እያየሁ የምቀመጥ ሰው፣ ፀጉሬ ቆመ።

በሩን ስናንኳኳ የከፈተችልን ሚስ ኦፓል ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነበር። አጥራለች፤ ጀርባዋ ጎብጧል፤ ጫማዋ ግን ያው ነጭ ነው።

«ምነው? ሰው ሞቷል?» አለች።

«ኧረ ማንም አልሞተም ሚስ ኦፓል» አልኩ። «ድስት ጥደዋል?»

«ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ? ዓርብ ድስቱ የሚመገብበት ቀን ነው።» ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኘችኝ። «አንቺ የታከት ልጅ፣ የቬርሊን እህት ነሽ። ቺሊ ያለ ሽንኩርት፣ ብዙ ብስኩት። ግቡ፣ ብርድ አታስገቡ።»

ምድጃው ላይ ትልቅ ጥቁር የብረት ድስት ይንተከተካል። አርዲት እንደ ሕፃን አልጋ ቀስ ብላ ተጠጋችው።

«ሚስ ኦፓል» አለች፤ «ይህን ማን አስተማረዎት?»

«ማንም አላስተማረኝም። የኔም አይደለም፤ የኦዴል ነው። አደራ ነው።»

ከዚያ ነገረችን፤ እያወራች ማማሰሏን አላቆመችም። መጋቢት ውስጥ አንድ ጠዋት ኦዴል ባንኮኒው ጋ ደረቱን ይዞ ወደቀ። አምቡላንስ መጥቶ ቃሬዛ ላይ ሲያስተኙት እጇን ያዘና «ኦፓል፣ እስክመለስ ድስቱን አደራ» አላት።

«አልተመለሰም» አለች ሚስ ኦፓል። «ግን ‹በቃሽ› ያለኝም የለም።»

እኛ ዘንድ የሚባል ነገር አለ፤ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ። ስንቱ ሰው ይለዋል። እኔ ሲኖር ያየሁት ያን ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ኖሯል። ኦዴል ድስቱን ጨርሶ አጥቦ አያውቅም። ማታ ማታ ሁለት ጭልፋ ያስቀራል፤ ጠዋት በዚያ ላይ አዲሱን ሥጋ፣ አዲሱን በርበሬ፣ አዲሱን ውሃ ይጨምራል። ያም ሲያልቅ ሁለት ጭልፋ ያስቀራል። ዛሬ የበላኸው ውስጥ የትናንቱ አለ፣ የትናንቱ ውስጥ የትናንት ወዲያው፣ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቬርሊን ማዕድን በገባበት የመጀመሪያ ቅዳሜ የበላት ሳህን ጠብታዋ እዚያ አለች። ኦዴል ድስቱን የተቀበለው ከጦርነቱ ሲመለስ፣ ባቡር ጣቢያ ላይ ምግብ ይሸጥ ከነበረ ሽማግሌ ነው።

«ሽማግሌው ለኦዴል ሲሰጠው ድስቱ ባዶ አልነበረም» አለች ሚስ ኦፓል። «ለሽማግሌውም ሲሰጠው ባዶ አልነበረም ብሎታል። ከዚያ ወደ ኋላ የሚያውቅ የለም።»

አርዲት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ቬርሊን «ያረጀ ነው» ሲላት እንደ ቅኔ ነበር የሰማችው። ሰውየው እኮ በቀጥታ ነው የነገራት።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብቻዎን?» አልኩ። «ማነው የሚበላው?»

«ጎረቤት ሦስት ሽማግሌዎች አሉ። መንገድ የሚጠግኑትም ሲያልፉ ያንኳኳሉ። ሁለቷን ጭልፋ በማሰሮ ፍሪጅ አኖራታለሁ፤ ዓርብ ሲመጣ አውጥቼ አፍልቼ እመግባታለሁ።»

«ለምን ለአንድ ሰው እንኳ አልነገሩም? ከተማው ሁሉ እኮ ጠፋ ብሎ አልቅሷል!»

ሚስ ኦፓል ጭልፋውን ድስቱ ጠርዝ ላይ መታ መታ አደረገች። «ማን ጠየቀኝ? ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ኦዴልን ነበር።»

አፈርኩ። አርዲት ግን ቶሎ ብላ «እኔ እየጠየቅኩዎት ነው» አለችና የባሏን ነገር ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት። አሥራ አንዱን ድስት፣ ሽታውን፣ አራት ድረስ መቁጠሩን። ሚስ ኦፓል ጆሮዋን ጥላ ሰማች። አርዲት በጀሪካንም ቢሆን ትንሽ ቀድታ እንድትሰጣት ስትለምናት ግን ራሷን ነቀነቀች።

«አይሆንም። የኦዴል ቺሊ ቤት ድረስ አይላክም፤ ኦዴል አይወድም ነበር። ቬርሊን ይምጣ። ከበሩ አራተኛው ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው። ጥቁር ቡና፣ ጎኑን ወደ መስኮቱ።»

ቬርሊንን ማውጣት ቀላል አልነበረም። «ሰው ፊት አልበላም» አለ። አርዲት የአውቶቡስ ድምፅዋን አወጣች፤ «በሚቀጥለው ዓርብ ከትምህርት ቤት መልስ ጫማህን አድርገህ ጠብቀኝ።» አድርጎ ጠበቃት።

ከመኪናው ሲወርድ እሱም እንደ እኛ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ በዚያ ብርድ፣ ሜዳ ላይ።

ሚስ ኦፓል ነጭ ሽርጧን አድርጋለች፤ ትንሿን ጠረጴዛ ወደ መስኮቱ አዙራዋለች። «አርፍደሃል፣ የኔ ማር» አለችውና ሳህኑን አስቀመጠችለት።

ቬርሊን በእንፋሎቱ ላይ አጎነበሰ። በማንኪያ ከፍ አድርጎ አፈሰሰ። ከዚያ ዋጠ፤ ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ቆጠሩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። እጁ ደረቱ ላይ አረፈና እዚያው ቀረ። ዓይኑ እንደተጨፈነ ነው።

«ኦዴል» አለ።

ሁለት ሳህን በላ፤ አላሰለውም። አርዲት መጠየቅ እየፈራች ጠየቀችው፤ «ቀመስከው? ጣዕሙ መጣልህ?»

«የለም» አለ። ዋሽቶ አያውቅም፣ ያን ቀንም አልዋሸም። «ምንም አልቀመሰኝም። ግን እሱ ነው። እማዬ በሚቀጥለው ክፍል ስትራመድ ሳላያት እሷ እንደሆነች አውቅ አልነበር? እንደዚያ ነው።» ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞረ። «ሚስ ኦፓል፣ አንድ ስንዝር አላዛነፉትም። ከሙኑን እንኳ። እንዴት አድርገው ነው የሚቀምሱት?»

«እኔ? ቀምሼው አላውቅም።»

«ምን አሉ?»

«በርበሬ ሆዴን ያነድደኛል። ከልጅነቴ። ኦዴል ሲሠራ አያለሁ፤ ቀለሙን አውቀዋለሁ። ሲደርስ ድምፁ ይወፍራል። ሽታው ይነግረኛል። መቅመስ ለምን አስፈለገ?»

ሠላሳ ሦስት ዓመት እና ዘጠኝ ዓመት። አርባ ሁለት ዓመት አፏ ያልነካውን ነገር አንዲት ጠብታ ሳታዛንፍ ጠብቃ ኖራለች። ቬርሊን አፉን ከፍቶ አያት፤ ከዚያ ከተጎዳው ጉሮሮው ሳቅ መጣ። ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

«ጉድ ነው» አለ ዕንባውን እየጠረገ። «እርስዎ ሳይቀምሱ ይሠራሉ፣ እኔ ሳልቀምስ እበላለሁ። ኦዴል ይህን ቢያይ ሁለታችንንም ያባርረን ነበር!»

«አንተን ነው እንጂ፣ እኔን አይችልም» አለችው።

ቬርሊን ሳቁን ገታና ማንኪያውን አጥቦ በጫፉ ትንሽ ጨለፈ። ለእሷ ዘረጋላት። «ሚስ ኦፓል። አንዲት ጫፍ ብቻ። እኔ ለመቅመስ ምን ያህል እንደምሰጥ ቢያውቁ እምቢ አይሉኝም።»

ሴትየዋ ማንኪያውን ረጅም ጊዜ አየችው። እጇን በሽርጧ አበሰች። ተቀበለችውና ወደ አፏ አደረገችው።

እኛ ሦስታችንም እንደ ድንጋይ ደርቀን እናያታለን። በመጀመሪያ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ከዚያ ጉንጮቿ ቀስ ብለው ቀሉ። እጇ ወንበር ፈለገ፣ አገኘ፤ ሚስ ኦፓልም ተቀመጠች። በሕይወቴ ስትቀመጥ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

«ለካ ሰዎቹ እውነታቸውን ነው» አለች ቀስ ብላ። «በዚያ ሁሉ በረዶ ይመጡ ነበር። እኔ ብርድ ሸሽተው ይመስለኝ ነበር። ለካ እውነታቸውን ነው።»

አርዲት ጭልፋውን አንስታ በእሷ ፋንታ ድስቱን ማማሰል ጀመረች።

ስንወጣ ሚስ ኦፓል ሁለት ጭልፋ በማሰሮ ቀድታ ለአርዲት ሰጠቻት፤ ለመብላት ሳይሆን በየዓርቡ እየመገበች ለማቆየት። ቬርሊን ካፖርቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ጭኑ ላይ አቅፎ፣ እስከ ቤት ድረስ ወሰደው። አርዲት ጉድጓድ ላይ በወጣች ቁጥር «ቀስ በይ፣ አንቺ ሴትዮ!» እያለ ጮኸባት፤ ሃያ ሰባት ዓመት ልጆች የጫነችውን ሴት።

ቤት ውስጥ ወዲያው አልተሳካም። የአርዲት ድስት አዲስ ነበር፤ ብረቱም ገና ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቬርሊን «እንግዳ ቤት ገብቶ አፍሯል» አለ። በሦስተኛው «መቀመጫውን እያመቻቸ ነው።» ሚስ ኦፓል በየዓርቡ እየመጣች ምድጃው አጠገብ ቆማ ታዳምጥ ነበር። ገና በዓል አልፎ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቬርሊን ዋጠ፣ ቆጠረ፣ ደረቱን ያዘ፤ ሳህኑንም ዝም ብሎ ለሁለተኛ ጊዜ ዘረጋ። አርዲት ሳህኑን እስከ አፉ ሞላችለት።

ጣዕም የተመለሰለት በሰኔ ነው፤ ያውም ባንድ ጊዜ አይደለም። በመጀመሪያ ሎሚ ኮመጠጠው፤ ከአርዲት ሻይ ውስጥ አውጥቶ ልጣጩን ሲያኝክ አገኘነው። ከዚያ ጨው መጣ። በርበሬው ሐምሌ ላይ። ጣፋጭ ነገር እስከ መጨረሻው ድረስ በደንብ አልተመለሰለትም፤ እሱም ብዙ አላዘነበትም። ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ኖረ።

ሚስ ኦፓል በሰማንያ አራት ዓመቷ በእንቅልፏ አረፈች። ከመሞቷ በፊት ብረት ድስቱን ለአርዲት አስረከበች፤ ስትሰጣት ባዶ አልነበረም። የቀብሯ ቀን አርዲት ድስቱን ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ጥዳ ለመጣው ሰው ሁሉ ቀዳች። የማዕድኑ ሽማግሌዎች ገና ከበሩ ሲገቡ ቆሙ፤ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ጡት እንደጣለ ልጅ አለቀሰ። የማን እጅ እንደሆነ ያን ቀን ሁሉም ሰው ስሟን ጠርቶ ተናገረ።

አርዲት ለጠየቃት ሁሉ ሁለት ጭልፋ ትሰጣለች። የጠየቀ ድስቱን መመገብ አለበት፤ ሌላ ሕግ የላትም። እኔ ቤት አንድ አለ። ታች መንደር አራት ቤት አሉ። ባለፈው ዓመት ትዋይላ የምትባል ከጎረቤታችን ያገባች ሴት ባሏ ነብራስካ ሥራ አግኝቶ ሲሄዱ ማሰሮውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ይዛ ሄደች። ደርሳ ደወለች። «አዲሱ ቤት ዕቃ ገና አልገባበትም» አለችን፤ «ወለሉ ላይ ነው የምንተኛው። እሱን ግን መጀመሪያ ጣድኩት። ባላውቃቸውም ጎረቤቶቹ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ምን ልበላቸው?»

«ሳህን ይዛችሁ ኑ በያቸው» አለቻት አርዲት።